የእንጦጦን ሸንተረር በእግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ለአንድ ቀን ሃይኪንግ የት እንሂድ?» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሩቅ ነው። ሰሜን ተራሮች፣ ባሌ፣ ወንጪ። እኔ ግን ሁሌም መጀመሪያ የምለው እንጦጦ ነው። መልሱም ሁሌ አንድ ነው፦ «እሱንማ ሄጃለሁ!» ስጠይቃቸው በመኪና ማርያም ደጅ ድረስ ወጥተው፣ ከተማዋን ከላይ ፎቶ አንስተው፣ ብርድ ሲመታቸው ተመልሰዋል። እሱ እንጦጦ መድረስ ነው፤ እንጦጦን መሄድ ሌላ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች አብረውኝ ከወጡ ሰዎችና ሊወጡ አስበው ከሚደውሉልኝ ወዳጆች የተለቃቀሙ ናቸው።

እንጦጦን «መሄድ» ማለት ምን ማለት ነው?

እንጦጦ እንደ ዝቋላ አንድ ጫፍ ብቻ ያለው ተራራ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተጋደመ ረጅም ጀርባ ነው። ከፍተኛው ቦታ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በጉለሌ በኩል ጀምሮ፣ በማርያምና በራጉኤል አድርጎ፣ ወደ የካ ይዘልቃል። ብዙ ሰው አቀበቱን ጨርሶ ማርያም ሲደርስ «ደረስን» ብሎ ይቀመጣል። ጉዞው የሚጀምረው ግን እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ የሚል መንገድ ነው። በደቡብ በኩል ከተማዋ፣ በሰሜን በኩል ሱሉልታ። እየሄዳችሁ አንገታችሁን ወዲያና ወዲህ ማዞር ነው ሥራችሁ።

ከየት ልጀምር? ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ከሽሮ ሜዳ። የሀገር ልብስ ከተሰቀለባቸው ሱቆች አለፍ ስትሉ አቀበቱ ይጀምራል። ከዚያ እስከ ማርያም በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ፤ ለጀማሪ ሁለት። ጉልበት መቆጠብ ከፈለጋችሁ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ታክሲ አለ። እኔ አላፍርበትም። አንዳንዴ በታክሲ ወጥቼ ጉልበቴን ሁሉ ላይኛው መንገድ ላይ አጠፋዋለሁ።

ከማርያም በኋላ እግር እንዳደረሰ ነው። ሁለት ሰዓት ሸንተረሩ ላይ ሄዶ በመጡበት መመለስ ይቻላል። ወይም ወደ ምሥራቅ ገፍቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም በየካ በኩል መውረድ ነው። ምሳን፣ እረፍትንና ፎቶን ጨምሮ ስድስት፣ ሰባት ሰዓት ብትይዙ አትቸኩሉም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የጀመረ ሰው 8 ሰዓት ሳይሆን ሻይ ይዞ ይቀመጣል።

ስፖርት ሠርቼ አላውቅም፤ እችለዋለሁ?

ትችላላችሁ። ግን የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ይዋሿችኋል። ሰውነት ሳይሞቅ አቀበት ስለሚሆን ልብ ይመታል፣ «ይሄ ለኔ አይሆንም» ያሰኛል። መፍትሔው ቀስ ማለት ነው፤ እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት ፍጥነት ልኩ ነው። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ከኋላችሁ የሚመጣ አትሌት ልብሱ ሳይረጥብ ሲያልፋችሁ አትደንግጡ። እነሱ ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ ሲሮጡ ቆሞ ማየት ራሱ አንድ ትርኢት ነው።

ከውጭ ነው የመጣሁት፤ ደረጃ መውጣት ብቻ ያለከልከኛል። ምን ሆኜ ነው?

ምንም አልሆናችሁም። ዋሽንግተን፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ሁሉም ከባህር ወለል ብዙም ከፍ አይሉም። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ትንፋሽ ስትስቡ የምታገኙት ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ በገባ በማግስቱ «ጂም እሠራለሁ» ብሎኝ ይዤው ወጣሁ። ማርያም ሳንደርስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «ሰውዬው፣ አየሩን ማን ወሰደው?» አለኝ። በሳምንቱ ስንመለስ እኔን ጥሎኝ ሄደ። ስለዚህ ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ አትውጡ። ከተማው ራሱ ከፍ ያለ ስለሆነ ሦስት አራት ቀን እዚያ መሰንበት ይጠቅማል። ውሃ ጠጡ፤ በዋዜማው መጠጥ አታብዙ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ማቅለሽለሽ ከተጨመረ፣ መውረድ ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

እውነት ለእይታው ያን ያህል ያስለፋል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ።

ፊታችሁን ወደ ደቡብ አዙሩ። ከተማዋ ከእግራችሁ ሥር ትጀምርና እስከ አቃቂ ትዘረጋለች። ጠዋት ጠዋት ሕንፃዎቹ ጭስና ጉም ውስጥ እስከ ወገባቸው ይሰምጣሉ። በቀኝ በኩል በምዕራብ የሚታየው ሰፊው ተራራ ወጨጫ ነው። ወደ ግራ፣ በደቡብ ምሥራቅ፣ የረር አለ። በሁለቱ መሃል ወደ ወጨጫው ጠጋ ብሎ ፉሪ። ከሁሉም ኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ከሆነ፣ ሜዳው ላይ ለብቻው የተቀመጠ ሾጣጣ ይታያል። አናቱ የተቆረጠ ይመስላል። ዝቋላ ነው፤ 2,989 ሜትር። አናቱ ላይ ሐይቅ አለ፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳምም እዚያው ነው። ዝቋላ የታየበት ቀን ለእኔ የተሳካ ቀን ነው።

አሁን ዙሩ። ጀርባችሁን ለከተማው ስጡ። ሆታው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠፋል። ሱሉልታ ሜዳው ተዘርግቷል፤ በጥቅምት አረንጓዴና ቢጫ፣ በየካቲት የገለባ ቀለም። ከብት ከሩቅ ነጠብጣብ ይመስላል። ብዙ ሰው ይሄን ጎን ሳያየው ነው የሚወርደው፤ ያሳዝነኛል።

ደግሞ የማይታየውን ልንገራችሁ። የቆማችሁበት ጀርባ ውሃ ይከፍላል። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ ቀበናን፣ ቀጨኔን እየሆነ ወደ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ አፋር በረሃ ድረስ ሄዶ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ባህር አያይም። በሰሜን በኩል የወረደው ደግሞ በሱሉልታ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ፣ ከዚያ ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ። ጠባብ ቦታ ስደርስ ኮዳዬን ከፍቼ በግራም በቀኝም ጠብ የማድረግ ልማድ አለኝ። አንዱ ጠብታ አፋር ሊቀር፣ አንዱ ሜዲትራኒያን ሊገባ። ሁለቱም መንገድ ላይ እንደሚደርቁ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስ ይለኛል።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር። ዝናቡ አጥቦት የሄደ ሰማይ ነው፤ ሩቁ ሁሉ ይቀርባል። አደይ አበባም አለ። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥሩ ሆኖ ጠዋቱ ክፉ ብርድ ነው፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ልታዩ ትችላላችሁ። ከየካቲት ወዲህ አቧራና ጭጋግ ስለሚበዛ ዝቋላን እርሱት።

ክረምት? ከሰኔ እስከ ጳጉሜን የሚወጡ ወዳጆች አሉኝ፤ ደኑ ያኔ ያምራል ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ጭቃው ጫማ ሥር እየተደራረበ ቁመት ይጨምራል፤ ጉሙም አንዳንዴ አሥር እርምጃ ፊት ያለውን ዛፍ ይሰውራል። ከሁሉም የሚያስፈራው መብረቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ሸንተረር ላይ ደግሞ ከሁሉም ከፍ ብላችሁ የቆማችሁት እናንተ ናችሁ። ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱን እስክትሰሙ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለማንኛውም ነጎድጓድ ከሰማችሁ አትከራከሩ፣ ከጀርባው ውረዱ። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ምን ልልበስ?

ተደራራቢ። ሲወጡ ይሞቃል፣ ሲቆሙ ይበርዳል። ላብ የያዘ ቲሸርት ላይ የእንጦጦ ንፋስ ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ቀለል ያለ ሹራብና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ኮፍያ አትርሱ። ንፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ፀሐዩ አይታወቃችሁም፤ ግን የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ እየጨመረ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ የወጣሁ ጊዜ ማጅራቴ ተልጦ ሳምንት ሙሉ ኮሌታ ያለው ልብስ መልበስ አቅቶኝ ነበር።

ጫማ፦ የለመዳችሁት ይሁን። ውድ የተራራ ጫማ አያስፈልግም፤ ሶሉ ያላለቀ ስኒከር ይበቃል። አዲስ ጫማ ግን በፍጹም። በበጋ ትልቁ ጠላት የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል ነው። ቁልቁለት ላይ ተነጥፎ ሲገኝ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ምግብና ውሃስ?

ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ። ምግብ ቀላል ነው፦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ። በሶ በማር ካገኛችሁ ንጉሥ ናችሁ፤ ከቢስኩት በተሻለ ይይዛል። በጾም ቀንም ስለሚሆን ቡድን ውስጥ ጠብ አያስነሳም። ዳቦውን ስታወጡ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቅ ጥቁር ቁራ ከመጣ ጠጋ ብሎ ያያችኋል። አትስጡት። አንዴ ከለመደ ቦርሳ ይከፍታል።

ላስቲኩን መልሳችሁ ይዛችሁ ውረዱ። የሙዝ ልጣጩንም።

ፓርኩ ውስጥ ነው የምሄደው ወይስ ውጭ?

ሁለቱም ይቻላል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተስተካከለ መንገድ፣ ማረፊያ፣ ካፌ፣ ፈረስና ብስክሌት አለው። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ፣ ወይም ከእናትና አባት ጋር፣ እዚያ ሂዱ። ጥበቃም አለ። ከፓርኩ ውጭ ያለው የእረኛና የእንጨት ለቃሚ መንገድ ነው፤ ጸጥታው ይበልጣል፣ ምልክት ግን የለም። ስልክ ላይ ካርታ መጫን ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ከስልኬ ይልቅ እረኛ መጠየቅ አበዛለሁ። «ቅርብ ነው» ካላችሁ ግን በሁለት አባዙት።

መንገድ ላይ የስልክ ማማዎችና የታጠሩ ግቢዎች ታገኛላችሁ። ጠባቂ የቆመበት አጥር ካያችሁ ካሜራውን አውርዱ። ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪም እዚሁ ሸንተረር ላይ ነው። ነጫጭ ጉልላቶቹን አይታችሁ «ይሄ ምን ቤተ ክርስቲያን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የመጀመሪያዎቹ አትሆኑም።

ብቻዬን ብሄድ ችግር አለው?

ብቻችሁን አትሂዱ። ይሄን ለማስፈራራት አይደለም የምለው። ከፓርኩ ውጭ ባለው ደን ስልክ የተነጠቀ ሰው አውቃለሁ፤ እግር የወለመጠው ደግሞ የበለጠ አውቃለሁ። ሁለቱም ቢሆን አጠገብ ሰው ካለ ቀላል ነው። ከሦስት በላይ ሁኑ። ሴት ብቻዋን ብትወጣስ ለሚሉኝ፦ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት በአስፋልቱና በፓርኩ በኩል ብዙ ሴቶች ይሮጣሉ፣ ይሄዳሉ። የደኑን መንገድ ግን በቡድን ይሁን፤ ለወንዱም ያው ነው።

ከ11 ሰዓት በፊት ከደኑ ውጡ። ጅብ አለ። ቀን ከሰው ጋር አይገናኝም፤ ሲመሽ ግን ወደ ከተማ የሚወርደው እናንተ በምትወርዱበት መንገድ ነው።

ውሻ ከተነሳባችሁ አትሩጡ። ቆም ብላችሁ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ። ድንጋይ ባይኖርም ይሠራል።

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሳገኝ ምን ላድርግ?

መንገድ ልቀቁ። መጀመሪያው እሱ ነው። ሸክሙ ጀርባቸው ላይ የሚታሰረው በአግድም ስለሆነ መንገዱን ሞልቶ ነው የሚመጣው። ጎንበስ ብለው መሬት መሬት እያዩ ስለሚወርዱ ላያዩዋችሁ ይችላሉ። ከላይ በኩል ቁሙ፣ በገደሉ በኩል አይደለም።

አንድ ቀን ቁልቁለት መሃል አንዷ እናት ሲያርፉ አየሁ። ሸክሙን አላወረዱም። ወደ ኋላ ሄድ ብለው የቅጠሉን እስር አንድ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አስደገፉት። ገመዱ ደረታቸው ላይ ላላ አለ። አይናቸውን ጨፍነው አምስት ስድስት ጊዜ ተነፈሱ። ከዚያ ድንጋዩን ገፋ አድርገው ተነሱና ሄዱ። ያ ድንጋይ አናቱ ለስላሳ ነበር። ስንት ሰው እንዳረፈበት እንጃ። አንድ ሸክም ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቅጠሉ ወርዶ የእንጀራ ምጣድ ሥር ነው የሚገባው። እኔ ሦስት ኪሎ ቦርሳ ይዤ ነበር «ደከመኝ» ስል የነበርኩት።

ሰላምታ ስጡ፤ «በርቱ እናቴ» በሉ። ፎቶ አታንሱ። በጣም ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፤ «አይሆንም» ካሉም ተቀበሉ።

ባህር ዛፉ ራሱ ታሪክ አለው። የምኒልክ ከተማ ማገዶ ጨርሳ ስለነበር በ1890ዎቹ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ይሄ ቶሎ አዳጊ ዛፍ ደረሰና ከተማዋ ባለችበት ቀረች። ዛሬ ጥዱና ኮሶው በየቦታው እየተመለሰ ነው፤ ስትሄዱ ሽታው ሲቀየር ታውቁታላችሁ።

ማርያም ቤተ ክርስቲያን መግባት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻርፕ ይያዙ፤ ወንዶችም በቁምጣ አትግቡ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። አጠገቡ ሙዚየም አለ፤ የንጉሡ የድሮ ቤተ መንግሥትም ጥቂት እርምጃ ነው። ሣር ክዳንና ጭቃ ግድግዳ። «ቤተ መንግሥት» ተብሎ ለሄደ ሰው ትንሽ ያስደነግጣል፤ እኔ በጣም የምወደው ግን ለዚሁ ነው። እዚያ ደጅ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው እቴጌ ጣይቱ ለምን ከዚህ ብርድ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ መክተም እንደወደዱ አይጠይቅም።

ጸበል ፍለጋ የመጡ ሰዎች አካባቢው ላይ አሉ፤ ብዙዎቹ ታመው ነው። ድምፅ ቀንሱ፣ ካሜራ ወደነሱ አታዙሩ። ወር በገባ በ21 ንግሥ ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል። ለሃይኪንግ ከሆነ ያን ቀን ዝለሉት።

መጸዳጃ ቤት አለ?

ፓርኩ ውስጥ አለ። ሌላው ቦታ ደን ነው። ሶፍት ያዙ፣ ከምንጭ ራቁ፣ ሶፍቱን መልሳችሁ በላስቲክ ይዛችሁ ውረዱ።

ልጆች ይችላሉ?

ሰባት ስምንት ዓመት ከሞላቸው ላይኛውን መንገድ በደንብ ይሄዳሉ። አቀበቱን በታክሲ አውጧቸው። ልጅ የሚደክመው በእግሩ አይደለም፣ ሲሰለቸው ነው። ዝቋላን መጀመሪያ ላየ ሽልማት አዘጋጁ፤ ያኔ እናንተን ይጎትቷችኋል።

ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል፤ ምን ላድርግ?

ሁሉም ሰው መውጣቱን ይፈራል፣ የሚጎዳው ግን መውረዱ ነው። ቁልቁለት ላይ ጉልበት ፍሬን ይሆናል። እርምጃ አሳጥሩ፤ ጉልበታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ አትርገጡ፤ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ትታችሁ ጠመዝማዛውን ያዙ። ዱላ ትልቅ ነገር ነው። የወደቀ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ እስከ ደረት የሚደርስ ፈልጉ። እኔ ሽሮ ሜዳ ስደርስ ዱላዬን ሻይ የምጠጣባት ቤት ጥግ ላይ አቆመዋለሁ። በሚቀጥለው ስመጣ ብዙ ጊዜ አላገኘውም። ባለቤቷን «ዱላዬስ?» ስላቸው ምድጃውን ያሳዩኛል።